ቢጫ የተቀባው ቃል

ልጅቷን የተውናት እትዬ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ወረቀት ፊት ቆማ ነው። አሁንም እንደቆመች ናት። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ፣ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ፣ የእትዬ ዓይን ደግሞ እሷ ላይ።

"አንብቢና ፈርሚ" አሏት እትዬ። "ረጅም ነገር አይደለም።"

ረጅምስ አልነበረም። ሰው ለመጣል ረጅም ቢላ አያስፈልግም። "የልብስ መተኮሻ ማሽኑን መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ ስመልስ፣ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ቃል ምልክት ሳላደርግበት አሳልፌያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው" ይላል። ከታች ስሟን የምትጽፍበት ቦታ ክፍት ተትቶላታል።

ቤቱ የትርጉም ቢሮ ነው። የእትዬ ባል ሲሞቱ ጥለውላቸው የሄዱት አንድ ጠባብ ክፍልና አንድ አሮጌ የጽሕፈት መኪና ነበር፤ ሙሉ ፎቅ ያደረጉት እሳቸው ናቸው፣ በጥርሳቸው ይዘው። ልጅቷ እዚያ የምትሠራው እንግሊዝኛውን ወደ ጀርመንኛ መመለስ ነው። ለዚህ ነው ቢሮው በሙሉ "ጀርመኗ" የሚላት። እሷ የሠራችውን ደግሞ ሁለተኛ ሆኖ የሚያነብ፣ ጠያይቆ የሚያስተካክልና ማኅተም የሚመታበት አራሚ አለ። አራሚው የእትዬ አንድ ልጅ ነው። የቢሮው ፈቃድም የወጣው በእሱ ስም ነው።

ጀርመኗና አራሚው ይዋደዳሉ። የጀርመኗ እናት ደግሞ ያንኑ ፎቅ ስትጠርግና ስትወለውል ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት ናት። እንግዲህ የቀረውን ልባችሁ ይሙላው።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ቃሉን በቢጫ ቀብቼው ይሆናል" አለች ልጅቷ። ድምጿ ከጉሮሮዋ ሳይሆን ከሆነ ጉድጓድ የወጣ ይመስላል። "የማላውቀውን ሳልቀባ አላሳልፍም። መቼም አሳልፌ አላውቅም።"

"ይሆናል?" አሉ እትዬ። "'ይሆናል' ይዘን ማሽን ሠሪዎቹ ፊት እንቁም? በመመሪያው የሠራው ሰውዬ እኮ አንድ ዓይኑ ጠፍቷል። ቀባሁ ካልሽ ቀባሁ በይ።"

ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞረች። አራሚው መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ታች የሚያልፈውን መኪና ይቆጥር ይመስል አንገቱን አቀርቅሯል። እሱ ቢጫ አየሁ ቢል ነገሩ ያልቃል። አላየሁም ቢልም ያልቃል። እሱ ግን ከተጠየቀበት ቀን ጀምሮ የሚለው አንዲት ቃል ብቻ ናት። "አላስታውስም።"

"እስከ ነገ ጠዋት ይስጡኝ" አለች።

"እስከ ነገ ጠዋት" አሉ እትዬ። "እናትሽን እናሳክማለን፤ ሜዳ ላይ አንጥልሽም። እኔ አረመኔ አይደለሁም። ግን የእሱ ስም እዚህ ውስጥ ከገባ ፈቃዱ ይቀማል፣ ቤቱ ይዘጋል፣ ይኼ ሁሉ ሰው ይበተናል። አስቢበት።"

ልጅቷ በሩን ስትከፍት አንዴ ዞር አለች። ብቻ አንዴ እንዲያያት ነበር የፈለገችው። ቀና አላለም። በሩን ስትዘጋ፣ ከወረቀቱ ይልቅ ያ ዞሮ ያላያት ጀርባ አንጀቷን ቆረጠው።

*

ለጸብ ሁሉ መነሻ የሆነችው ቃል ትንሽ ናት። እንግሊዞቹ "ሪሊስ" ይሏታል። እስረኛ ሲፈቱም ሪሊስ፣ የታመቀ እንፋሎት ሲያስወጡም ሪሊስ፣ ከጨበጡት እጀታ እጃቸውን ሲያነሱም ሪሊስ፣ የጠበቀ ነገር ሲያላሉም ሪሊስ። ጀርመኖቹ ግን እንዲህ አይሉም። ለእስረኛው ፍራይላሰን አላቸው፤ ለእንፋሎቱ አብላሰን፤ እጅ ለማንሳት ሎስላሰን፤ ለማላላት ሎዘን።

ፈረንሳይኛውን የሚሠሩት ሽማግሌ፣ ጋሼ ፈረንሳይ፣ ይኼን ሲያስረዱ "እንግሊዝ በአንድ ቁልፍ የሰፈሩን በር ሁሉ ይከፍታል። ጀርመን ግን ለየበሩ የየራሱ ቁልፍ አለው፤ ከጠፋበት ውጭ ያድራታል እንጂ በሌላው አይከፍትም" ይላሉ። ፈረንሳይስ ሲባሉ "ፈረንሳይ በመስኮት ይገባል" ብለው ብቻቸውን ይስቃሉ።

መመሪያው ላይ "ልብሱ ሲደርቅ እጀታውን ሪሊስ አድርግ፤ እንፋሎቱ እስኪወጣ ጠብቅ" ይላል። እጀታው የቱ ጋ እንዳለ፣ የሚፈታ ይሁን የሚለቀቅ የሚያሳይ ሥዕል አብሮ አልመጣም። በዚህ ጊዜ በቢሮው የተለመደ ነገር አለ። የመጀመሪያዋ ተርጓሚ የመሰላትን ቃል ታስቀምጥና ኮምፒውተሩ ላይ ቢጫ ትቀባዋለች። ቢጫ ማለት "እኔ አላውቀውም፤ ባለቤቱን ጠይቅልኝ" ማለት ነው። አራሚው ቢጫውን ሲያይ ለጽሑፉ ባለቤቶች ይጽፋል፣ መልሱ ሲመጣ ያስተካክላል፣ ያን ጊዜ ብቻ ቢጫውን ያጠፋል። ከዚያ ንጹሑ ቅጂ ይወጣል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ቢጫ የነበረበት ረቂቅ ለባለጉዳዩ ምስጢር ሲባል ከሁሉም ኮምፒውተር ይሰረዛል።

ትክክለኛው ሎስላሰን፣ እጅህን አንሣለት፣ ነበር፤ ንጹሑ ቅጂ ላይ የተጻፈው ግን ሎዘን ነበር። አላላው። ሩቅ አገር ያለ አንድ ልብስ ተኳሽ መመሪያው እንዳዘዘው እጀታውን አላላው። እንፋሎቱ ፊቱንና ሁለት እጁን ገሸለጠው።

ጀርመኗ መመሪያውን የተረጎመች ቀን ሥራውን የጨረሰችው ሆስፒታል፣ የእናቷ አልጋ ሥር ባለች ወንበር ላይ ሆና ነው። እንቅልፍ ካየች ሰንብታ ነበር። ስለዚህ ራሷን ብትጠራጠር ማን ይፈርድባታል? አንድ ነገር ግን አልተጠራጠረችም። "ቀብቼው ቢሆን እሱ ያየው ነበር" አለቻቸው ለጋሼ ፈረንሳይ፣ ከእትዬ ክፍል ወጥታ ጠረጴዛዋ ጋ ዘፍ ስትል። "እሱ አላስታውስም ካለ አልቀባሁም ማለት ነው።"

ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። "ከራስሽ ይልቅ እሱን አመንሽ?"

"እሱ አይዋሽም፣ ጋሼ።"

"አላስታውስም ማለት መዋሸት አይደለም፤ ልክ ነሽ" አሉ ሽማግሌው። "የልጅ ልጄም ስኳሩን ማን ጨረሰው ስላት እንደዚያው ነው የምትለኝ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር።

*

አሁን ደግሞ ፍቅሩ እንዴት እንደተጀመረ ልንገራችሁ፣ ያለዚያ የሚመጣው አይገባም።

እትዬ ከልጃቸው ዓይን ውስጥ የሆነ ነገር ያዩ ቀን፣ ሥራ የሌለው ሰው ከሌላው ጠረጴዛ ጋ እንዳይቆም ብለው አዘዙ። የጽዳቷን ልጅ ለምራትነት አላጯትም። አራሚው የሚቀመጠው በመስታወት በተከለለች ክፍል ነው። ልጅቷ ከዚህ ማዶ፣ እሱ ከዚያ ማዶ፣ መካከል ላይ መስታወትና የእናት ዓይን።

አንድ ቀን ታዲያ የወጥ ቤት ዕቃ ዝርዝር ስትተረጉም "ማንኪያ" የሚለውን ቃል ቢጫ ቀባችው።

አራሚው ወረቀቱን አንጠልጥሎ መጣ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። "ጀርመኗ፣ ማንኪያ አስቸገረሽ?"

"በጣም" አለች። "ሌሊቱን ሙሉ ሳስብበት ነው ያደርኩት።"

"ለባለቤቶቹ ጽፌ ልጠይቅልሽ?"

"አንተ እዚህ ቆመህ አብረን ብናስብበት ይሻላል።"

ከዚያ ወዲያ ማንኪያ ብቻ አልቀረም። በር ተቀባ፣ ሰኞ ተቀባ፣ ውሃ ተቀባ። እሱ እየሳቀ ይመጣል፣ ትንሽ ቆሞ ሽታዋን ይጠጣል፣ ይሄዳል። እትዬ ከሩቅ ሲያዩ ሥራ ነው። እውነተኛው ቢጫም በመካከሉ ነበረ፤ ግን እሱ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ፈገግታ እየያዘ መምጣት ጀመረ። ፍቅር ሲይዝ ሰው ጨዋታና ሥራ የሚለይበት ወንፊቱ ይቀደዳል።

*

እናቷ ከሆስፒታል ወጥታ አሁን ቤት ነው የተኛችው፣ በሁለት ትራስ ተደግፋ፣ ልቧ ስለሚያስቸግራት ጋደም ማለት አትችልም። ልጅቷ ስትገባ እናትየው ከእግሯ ድምፅ ብቻ አወቀች።

"ምን ሆነሻል?"

"ምንም፣ እማዬ።"

"ምንም የሚባል በሽታ ሐኪሙ አልነገረኝም። ነይ፣ ቁጭ በይ።"

ቁጭ አለችና ነገረቻት። ወረቀቱን፣ የእትዬን ቃል፣ መስኮቱ ጋ የቆመውን ጀርባ። ስትጨርስ እናትየው በመጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ልጇ አልነበረም።

"የሰውየውን ስሙን ታውቂዋለሽ?"

"አላውቅም። ልብስ ተኳሽ ነው ብቻ ነው ያሉን።"

"እግዚአብሔር ያውቀዋል" አለች። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ለማታውቀው፣ ቋንቋውን ለማትሰማው ሰው ትንሽ ጸለየችና ዓይኗን ገለጠች። "አሁን ወዳንቺ እንምጣ። ቀብተሽዋል ወይስ አልቀባሽውም?"

"እሱን ነው የማላውቀው። አእምሮዬ ባዶ ነው። እማዬ፣ አብጄ ይሆን?"

"እብድ ይኼን አይጠይቅም።" እናትየው ትንሽ አሰበች። "እኔ የቢሯችሁን ነገር አላውቅም። ወለሉን ነው የማውቀው። ግን ያን ቀን ሆስፒታል፣ ያንን ኮምፒውተር ጉልበትሽ ላይ አድርገሽ ለብቻሽ ስታወሪ ነበር። ነርሷም አይታሽ 'ልጅሽ ከማን ጋር ነው የምታወራው?' ብላኛለች።"

"ምን ነበር የማወራው?"

"ፊትሽን አኮማትረሽ አኮማትረሽ መጨረሻ ላይ 'በቃ፣ ይቺን እሱ ይጠይቅልኝ' አልሽ።"

ልጅቷ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

"እሱ ይጠይቅልኝ አልኩ?"

"ማን? አልኩሽ። አራሚው አልሽ። ፊትሽ ቦግ አለ። እኔ እዚህ ነፍሴ ልትወጣ ትታገላለች፣ ልጄ እዚያ ታበራለች ብዬ መሳቅ አማረኝ፤ ደረቴ ከለከለኝ እንጂ። ከዚያ ሥራውን ላክሽው መሰለኝ፤ ብዙም ሳይቆይ ስልክሽ ጮኸ። አንብበሽ ሳቅሽ። 'እኔም ብሎኛል' አልሽ። 'እኔም ምን?' ስልሽ 'እንጃ፣ እማዬ' አልሽኝ።"

እኔም።

ልጅቷ ያቺን መልእክት አልረሳቻትም። ጠዋት "ደክሞኛል" ብላ ጽፋለት ስለነበር፣ የዚያ መልስ መስሏት ነበር። አሁን ግን ነገሩ ቀስ እያለ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ከእግር ወደ ላይ እንደሚሞላ ወጣባት። ሥራውን ላከች። እሱ ከፈተው። ከዚያ "እኔም" አለ። ለየቱ ነገር ነው "እኔም" ያለው?

"ምን ሆንሽ?" አለቻት እናቷ።

"ቀብቼዋለሁ" አለች ልጅቷ። "አይቶታልም።"

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ከቀናት ጭንቀት በኋላ ራሷን አገኘች፣ አእምሮዋ ጤነኛ ነው፣ እጇ ንጹሕ ነው። ግን ራሷን ባገኘችበት ቅጽበት እሱን አጣችው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ለመያዝ እጇ አልበቃትም።

እናትየው ፀጉሯን ዳበሰቻት። "እትዬ ክፉ ሴት አይደሉም" አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ። "ስወልድሽ አራስ ጠይቀውኛል። ፈርተው ነው። የፈራ ሰው ግን ከክፉ ይብሳል፣ ልጄ፤ ክፉው የሚያደርገውን ያውቃል።"

*

በማግስቱ ጠዋት ደረጃው ላይ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ጠበቀችው። አራሚው ከሁሉ ቀድሞ ነው የሚገባው። ሲያያት እግሩ አንድ ደረጃ ላይ ቀረ።

"ደህና አደርሽ" አላት።

"'እኔም' ያልከኝ ምንድን ነው?"

"መቼ?"

"ታውቀዋለህ መቼ እንደሆነ። አላስታውስም ካልከኝ ከዚህ ወርጄ እሄዳለሁ፣ ሁለተኛም ፊቴን አታየውም።"

አራሚው በአዲሱ ሱሪው አቧራው ላይ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ሰው ሲፈርስ እንዲህ ነው፤ ድምፅ እንኳ የለውም።

"አየሁት" አለ። "አንድ ቢጫ ብቻ ነበር። ሎዘን ላይ።"

እሷ አንድ ደረጃ ወደ እሱ ወረደች።

"ሎዘንን የማታውቂ አንቺ? ጀርመንኛ ስትጀምሪ የተማርሽው ቃል ነው። ማንኪያው ትዝ አለኝ። ሆስፒታል ቁጭ ብላ፣ እናቷ እንደዚያ ሆና፣ ናፈቅከኝ እያለችኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ደስ አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ብነግርሽ አታምኚኝም። አጠፋሁትና 'እኔም' ብዬ ጻፍኩልሽ። ማኅተሙን ስመታ እየሳቅኩ ነበር።"

ጀርመኗ የደረጃውን ብረት ያዘች። ልብስ ተኳሹ ፊቷ ላይ መጣ፣ አይታው የማታውቀው ሰው፣ አንድ ዓይኑ በፋሻ የታሸገ። እሱ ላይ የወረደው እንፋሎት እነሱ ሲሳሳቁ የተለኮሰ ነው።

"እኔ ነኝ" አለች ቀስ ብላ። "ማንኪያውን የቀባሁት እኔ ነኝ። ሥራ የሚጠየቅበትን ነገር አንተን መጥሪያ ያደረግሁት እኔ ነኝ።"

"አይደለሽም። እኔ ማንበብ ነበረብኝ።"

"አላነበብከኝም" አለች። "ስታየኝ ትስቃለህ፤ የምለውን ግን አላነበብክም። እውነቴን እንደሆነ፣ ቸግሮኝ እንደሆነ አልጠየቅክም።"

"እወድሻለሁ።"

"አውቃለሁ። ይኼን ሁሉ ጊዜ ስትወደኝ ነው የከረምከው።" ድምጿ ተሰበረ። "እየወደድከኝ ነው ዝም ያልከው። ደጋግሜ ጠየቅኩህ እኮ። 'ቀብቼው ነበር እንዴ? አእምሮዬን ልስት ነው እንዴ?' ብዬ ጠየቅኩህ። ምን አልከኝ?"

እሱ ጫማውን አየ።

"ንገረኛ። ምን አልከኝ?"

"'ደክሞሽ ነበር፣ አትጨነቂ' አልኩሽ።"

"ቃሉን ማጥፋትህ ስህተት ነው። ሰው ይሳሳታል፤ እኔም አለሁበት። ይኼኛው ግን ስህተት አይደለም። እኔ በገዛ ጭንቅላቴ ላይ ፍርሃት ሲይዘኝ ቁጭ ብለህ አየኸኝ። ሳለቅስ አቀፍከኝ። መልሱን ኪስህ ይዘህ እያቀፍከኝ ነበር።"

አራሚው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "እማማ ቤቱ ይዘጋል አለችኝ።"

"እናትህን ተዋት። አንተን ነው የምጠይቀው።"

"ፈራሁ" አለ ከመዳፉ ሥር። "በቃ፣ ፈራሁ። ሌላ ምንም የለኝም።"

እንዲዋሽ አልፈለገችም ነበር፤ ግን ከዚህ የተሻለ ነገር እንዲኖረው ልቧ ሲጠብቅ እንደነበር ያወቀችው አሁን ነው። አጠገቡ ቁጭ አለች። ትከሻው ትከሻዋን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው ተወችው። ከላይ የጋሼ ፈረንሳይ ሳል ተሰማ፣ ከዚያ በር ተከፈተ፣ ቀኑ ተጀመረ። ሁለቱም ግን ትንሽ ተቀምጠው ቆዩ፤ አንድ አስከሬን ሁለት ሆነው እንደሚጠብቁ ሰዎች፣ ትተውት ለመሄድ አንጀታቸው አልችል ብሎ።

*

እትዬ ክፍል ስትገባ ወረቀቱ እንዳደረ ነበር።

"አልፈርምም፣ እትዬ" አለች። "ቀብቼዋለሁ።"

"ማን አይቶልሽ?"

"እኔ" አለ አራሚው፣ በሩ ላይ ቆሞ። አሁንም አላያትም፤ እናቱን ነበር የሚያየው። "እኔ አይቼዋለሁ። አይቼ ሳልጠይቅ አጥፍቼዋለሁ።"

እትዬ ልጃቸውን አተኩረው አዩት። ሲቆጡ ነው የሚታወቁት፤ ያን ቀን ግን አልተቆጡም። ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ኩምሽሽ አሉ፣ በአንድ ጊዜ አሮጊት ሆኑ።

"አንተ ልጅ፣ ይኼን ቤት በምን እንዳቆምኩት ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ፣ እማማ።"

"አታውቅም። ብታውቅ ዝም ትል ነበር።" ወደ ልጅቷ ዞሩ። "አንቺስ? አይቶ ለምን አጠፋው ሲሉሽ ምን ልትያቸው ነው? የማንኪያውን ነገር ልትነግሪያቸው ነው?"

ልጅቷ ደነገጠች። ያውቁ ኖሯል።

"እዚህ ቤት የማላየው ነገር አለ?" አሉ እትዬ። "ሰኞን በቢጫ ስትቀቢ ያየሁሽ ቀን ማባረር ነበረብኝ። ልጄ ሲስቅ ካየሁት ዘመን አልፎ ስለነበር ነው የተውኩሽ። ይኸው የሳቅ ዋጋ።"

"እናገረዋለሁ" አለች ልጅቷ። "የማንኪያውንም እናገራለሁ። ግማሹን እውነት ከተናገርኩ ሰውየውን ለሁለተኛ ጊዜ ማቃጠል ነው።"

"እንግዲህ ሁላችሁም ወደ መንገድ" አሉ እትዬ። ወረቀቱን አንስተው ቀደዱትና ቁርጥራጩን ሳይጥሉት እጃቸው ላይ ይዘውት ቀሩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው "ውጡልኝ" አሉ፤ ሲያለቅሱ ሰው ፊት አይወዱም።

ጋሼ ፈረንሳይ ነገሩን ሲሰሙ መዝገበ ቃላታቸውን በካርቶን መክተት ጀመሩ። "ፈረንሳይኛ ስሠራ ዕድሜዬን ጨረስኩ" አሉ። "ከሥራ ያስወጣኝ ግን የማላውቀው ጀርመንኛ ሆነ።" ማንም አልሳቀም፣ እሳቸውም መሳቅን ተውት። መሐረባቸውን አውጥተው መነጽራቸውን ሲጠርጉ፣ የሚጠርጉት መስታወቱን ይሁን ዓይናቸውን ለማወቅ አስቸገረ።

*

ለማሽን ሠሪዎቹ የሚላከውን እሷ በጀርመንኛ ጻፈችው። ሁሉንም ጻፈች፣ የሆስፒታሉን ወንበር፣ ማንኪያውን፣ ቢጫውን፣ እኔም የምትለዋን ቃል። ለልብስ ተኳሹም በመጨረሻ አንድ አንቀጽ አከለች። ስትጨርስ ወንበሯን ወደ ጎን ሳበች። እሱ በመስታወት ካለችው ክፍል ወጥቶ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ሁለተኛ ማንበብ የእሱ ሥራ ነው፤ ፈቃዱ እስኪቀማ ድረስ አሁንም የእሱ ነው።

"ጮክ ብዬ ላንብበው?" አላት።

"አንብበው።"

ጣቱን ቃሉ ሥር እያስኬደ ያነብ ጀመር። የራሱን ጥፋት የሚናገረው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ደከመ፤ አላቆመም። የእሷ ጥፋት የተጻፈበት ጋ ቆመ።

"ይኼን ብታቀልይውስ?" አላት። "በራስሽ ላይ በጣም ከበድሽ።"

"ተወው እንዳለ።"

"ለሰውየው 'እጅግ አዝነናል' ነው ያልሽው። ይበቃል?"

"አይበቃም። ግን አንብበው።"

ማንበቡን ቀጠለ። የሚወደድ ድምፅ ነበረው፤ በዚህ ድምፅ ስንት ተራ ቃል አስጊጦላት ያውቃል። እጁ ጠረጴዛው ላይ፣ ለእጇ ቅርብ ነበር። ቢነካኝ ብላ ተመኘች፤ ቢነካኝስ ብላ ፈራች። ይቅርታውን ታደርግለታለች፣ ይኼን ታውቃለች፤ ይቅር ማለት ከእናቷ ጋር ያደገችበት ነገር ነው፣ እግዚአብሔርም ያግዛታል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን ነው ያላወቀችው።

ገጹን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ሲያልፍ፣ ዓይኗ ጣቱ ላይ እንደነበር በድንገት ታወቃት። ድምፁን እየሰማች አልነበረም። ጣቱን ነበር የምትከተለው፣ ከቃል ወደ ቃል፣ ከመስመር ወደ መስመር፣ አንዲት እንኳ እንዳይዘል እየጠበቀችው። ሊያታልላት ነው ብላ አልነበረም፤ ዓይኗ ነው እምቢ ያላት። ለማንሳት ሞከረች፣ አልተነሳላትም። ያን ጊዜ፣ እሱ ቀና ብሎ ሳያያት፣ እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ።